ቁልፉን ሳይ የሚመጣብኝ ሽንት

ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። የምኖርበት ግቢ አምስት ተከራይ አለበት፤ ሽንት ቤቱ ግን አንድ ነው፣ ጓሮ። ቁልፉ የጋራችን ስለሆነ አከራያችን በረንዳ ላይ ምስማር ተመትቶለት እዚያ ይሰቀላል። እንዳይጠፋ የለስላሳ ክዳን ተበስቶ ታስሮበታል። ያ ክዳን ከቁልፉ ጋር ሲንቃጨል የሚሰጠውን ድምፅ ከመቶ ድምፅ መሀል እለየዋለሁ።

በ2014 ክረምት ነገሩ ባሰብኝ። ከሥራ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ደህና ነኝ፤ ከሰው ጋር ቆሜ አወራለሁ፣ ሽንኩርት እገዛለሁ፣ ሽንት የሚባል ነገር ትዝም አይለኝ። የግቢውን በር ስገፋ ይጀምረኛል። እጄ ምስማሩ ላይ ሲደርስ ይወጥረኛል። ጓጉንቸሩን ይዤ ቁልፉን ስሰካማ ሌላ ሰው ነኝ፤ ጉልበቴን አጣብቄ፣ ላብ እያሰመጠኝ፣ ቀዳዳው ይጠፋብኛል። አንድ ማታ ዝናብ እየዘነበ ቁልፉ እምቢ አለኝ። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሁለተኛ ክፍል ሆኜ መምህር ፊት ካመለጠኝ ወዲህ እንዲያ ሆኜ አላውቅም።

የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ "ከወለዱ በኋላ እንዲህ ነው" ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን ቡና ላይ ወሬ አይቀርምና አንድ ቀን በቀልድ ባነሳው አንዲት ደንበኛዬ "ኧረ እኔስ ቦኖ ውሃ ስቀዳ!" አለች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገዱን ሁሉ ታግሦ የማርቆስ መግቢያ ላይ ሲደርስ ብቻ እንደሚወጥረው ነገረን። ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። ሐኪም ቤት ሄጄ ሽንቴንም የደም ስኳሬንም ተመረመርኩ፤ ኢንፌክሽንም ስኳርም የለም። ያየችኝ ሲስተር ግን ዝም ብላ አልሸኘችኝም፤ አስቀምጣ አስተማረችኝ። እሷ ያለችኝንና እኔ በራሴ ላይ ሞክሬ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊኛ ግድግዳው ጡንቻ የሆነ ከረጢት ነው። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሳይቸገር ይይዛል፤ የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ማለት ነው። የመጀመሪያው "አለሁ" የሚል ስሜት ግን ግማሹ ሳይሞላ፣ 150 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ላይ ይመጣል። ወሬው በአከርካሪ በኩል አንጎል ይደርሳል፣ አንጎል "ቆይ" ይላል፣ ፊኛም ይታዘዛል። ይህን "ቆይ" ቀኑን ሙሉ ሳናውቀው ስንል ነው የምንውለው። ችግሩ ያለው አንጎል "ቆይ" ማለቱን የሚተውበት ምልክት ስላለው ነው። ሽንት ቤት ደረስን የሚል ምልክት።

ምልክቱን ማን አስተማረው? እኔ ሦስቱንም ልጆቼን ጭኔ ላይ አስቀምጬ "ሽሽሽ" እያልኩ ነው ያስሸናኋቸው። እናቴም እኔን እንዲያው። ሕፃኑ ውሃ የሚመስለውን ድምፅ ሰምቶ ይለቀዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ድምፁን ሲሰማ ብቻ ይመጣበታል። ይህን ለልጄ ብነግረው (አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚልበት ዕድሜ) "እማዬ፣ ይሄማ ፓቭሎቭ ነው" አለኝ። ኢቫን ፓቭሎቭ በፈረንጆች 1904 በምግብ መፈጨት ጥናቱ ኖቤል የተሸለመ ሩሲያዊ ነው። ውሾቹን ምግብ ከመስጠቱ በፊት ድምፅ እያሰማ ሲያለማምዳቸው፣ ኋላ ምግብ ሳይኖር ድምፁን ሰምተው ምራቃቸው ይዝረበረብ ነበር። የኔ ድምፅ የለስላሳ ክዳን ነው። በቀን አምስት ስድስቴ፣ ለስምንት ዓመት፣ ክዳኑ ተንቃጨለ፣ ሽንት ወረደ። ፊኛዬ አልታመመም፤ በደንብ ተምሯል። ይህ የበር ላይ ጣጣ በውጭ አገር ሐኪሞች ዘንድ በበር ቁልፍ የተሰየመ መጠሪያ ሁሉ አለው፤ እሱን ስሰማ ትንሽ ቀለል አለኝ።

እንግዲህ ከየት ትጀምራላችሁ? ከደብተር። ለሦስት ቀን ሽንታችሁ በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ፤ ሰዓቱን፣ ከመምጣቱ በፊት ምን ስታዩ ወይም ስትሰሙ ወይም ስትነኩ እንደነበር፣ እና መጠኑን። መጠኑን ለማወቅ የአንድ ሊትር ውሃ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣችሁ በመድኃኒት መለኪያ በመቶ በመቶ ሚሊ ሊትር እየሞላችሁ በእስክሪብቶ አስምሩበት። አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ። ጠርሙሱን ከዱቄት ጀርባ ደብቄ ነበር የማኖረው። ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ይኸውና፦

ጠዋት 1:15፣ ጀሪካን ሳፋ ላይ ስገለብጥ፣ 120።
3:00፣ ስኒ ሳጥብ፣ 90።
4:20፣ እንደገና ስኒ፣ 80።
7:30፣ ምንም ሳልሰማ፣ 380።
11:50፣ ቁልፍ፣ 100። ልብስ ቀየርኩ።

አያችሁት? ከሁሉ የበዛው የመጣው ምንም ሳይጠራው፣ ሳያስጨንቀኝ ነው። ልብስ ያስቀየረኝ ደግሞ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ስኒ ቡናና ጥቂት ጭላጭ። ያን ቀን ነው የገባኝ። የሚያስጨንቀኝ የሽንቱ ብዛት አልነበረም። እናንተም ስትጽፉ እዚህ ላይ አተኩሩ፤ ጥድፊያው ትልቅ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ጠሪው ከውጭ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ 400 እና 500 የሚሞላ፣ ያውም ቀን ሌሊት የሚመላለስ ከሆነ ግን የናንተ ነገር ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ዋናው። ጥሪው ሲመጣ አትሩጡ።

ሁላችንም የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቀሚስ ሰብስቦ መሮጥ። ስትሮጡ ሆድ ፊኛን ይገፋዋል፣ ታች ያለው ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ይናጣል፣ አንጎልም ሩጫውን አይቶ "በቃ፣ ደርሰናል" ይላል። ስለዚህ ባላችሁበት ቁሙ። መቀመጫ ካለ ተቀመጡ፤ ኩርሲም፣ የደረጃ ጠርዝም ይሆናል። ከዚያ የታችኛውን ጡንቻ ጨብጡ። የትኛው ነው ያለ እንደሆነ፣ ቅዳሴ ላይ ሰው መሀል ቆማችሁ ፈስ ሲመጣባችሁ የምትይዙበት ነው፤ ይቅርታ፣ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ ሲስተርም አልነበራትም። ጠበቅ፣ ለቀቅ፣ ጠበቅ፣ ለቀቅ፣ አምስት ስድስት ጊዜ በፍጥነት። ቂጥም፣ ጭንም፣ ሆድም አይጠብቅ፤ ትንፋሽም አይያዝ። እኔ መጀመሪያ ጥርሴን ነክሼ ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ አነሳ ነበር፤ ያ ሆድን ወደ ታች ከመግፋት በቀር ፋይዳ የለውም። ይህ ጡንቻ ሲጠብቅ በነርቭ በኩል ለፊኛ ጡንቻ "ላላ" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ጭበጣው መውጫውን ከመዝጋት አልፎ ግፊቱን ራሱን ያበርደዋል።

እየጨበጣችሁ አእምሮን ሌላ ሥራ ስጡት። ከመቶ በሰባት እየቀነሱ መቁጠር ይባላል። እኔ ዱቤ ያለባቸውን ሰዎች ነው የምቆጥረው፤ ማን ስንት ስኒ፣ ከመቼ ጀምሮ። ሦስተኛው ሰው ላይ ስደርስ ንዴቱ ሽንቱን ያስረሳኛል።

ጥሪው እንደ ምጥ ነው፤ ይመጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልትሄዱ የሚገባችሁ ከተመለሰ በኋላ፣ በመደበኛ አረማመድ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ከመጣ ደግሞ መቆም። በመጀመሪያው ሳምንት ከበረንዳው እስከ ጓሮ ሦስቴ የቆምኩበት ቀን አለ። አከራያችን እትዬ "ምነው ልጄ፣ ቁልፉ ምን አደረገሽ?" አሉኝ ትክ ብለው አይተውኝ። ኋላ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ "እስቲ ለኔም አሳይኝ" አሉ።

ጡንቻው ደካማ ከሆነ ግን በጭንቅ ሰዓት ቢጠሩት አይሰማም፤ አስቀድሞ ማጠንከር ያስፈልጋል። ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ጨብጡ፣ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ልቀቁ፣ እኩል ያህል አሳርፉ። ስምንቴ። ይህን በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ሦስት ወር። እየቆየ አምስቱን ወደ አሥር ማሳደግ ነው። አርኖልድ ኬግል የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በፈረንጆች 1948 ስለዚህ ልምምድ ጽፎ ስሙ እስከ ዛሬ ከልምምዱ ጋር ይነሳል። ለኔ ቀጠሮው ቡናው ነው፤ አቦል ሲፈላ አንድ ዙር፣ ቶና ላይ አንድ፣ በረካ ላይ አንድ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰው ምንም አያውቅም። ሽንት እየሸናችሁ ግን አትለማመዱ፤ መሀል ላይ እያቋረጡ መያዝ ልማድ ሲሆን ፊኛ በደንብ ሳይጨርስ ይቀራል። ወንዶችም ይሠሩታል፤ የወሊድ ብቻ የሚመስላቸው አሉ።

ቀጥሎ ከምልክቱ ጋር ያለውን ትዳር ማፍረስ ነው። የኔ መንገድ ይህ ነበር። ሸንቼ ከወጣሁ በኋላ፣ ፊኛዬ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ አንቃጭለዋለሁ። ባዶ ሆኜም ትንሽ ይነዝረኝ ነበር! እጨብጣለሁ፣ እስኪበርድ እቆማለሁ፣ ቁልፉን መልሼ ሰቅዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ክዳኑ ተንቃጨለ፣ ሽንት አልወረደም። በቀን ሁለት ሦስቴ። ሁለተኛ፣ አንድ ቁልፍ አስቀርጬ ያለ ክዳን ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁ። ሦስተኛ፣ ከሥራ ስመለስ በቀጥታ ጓሮ መሄድ ተውኩ፤ መጀመሪያ ቤቴ ገብቼ ነጠላዬን አስቀምጬ ከሰሉን አያይዤ ነው። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት።

ለውሃ ድምፅም እንደዚሁ፤ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ቧንቧ ከፍታችሁ አጠገቡ ቁሙ፣ ጨብጡ፣ ዝጉ፣ ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ላይ ለማምለጥ ያህል ውሃውን ከፍ አድርጌ ማንዶቅዶቅ ትቼ በሳፋው ጠርዝ እያስታከክሁ አፈስሰው ነበር፤ ድምፅ የለውም። ድምፁ ብቻ ሳይሆን እጅን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከርም ይጠራዋል። ስለዚህ ከምድጃው ጎን ሁልጊዜ አንድ ጆግ ውሃ ለብ ብሎ ይቀመጥልኛል፤ ስኒ ማጠቢያዬን በሱ እበርዘዋለሁ።

በዚህ መሀል የገጠመኝን ልንገራችሁ። ለአንድ ዘመድ ሠርግ ባህር ዳር ሄደን በማግሥቱ ጢስ ዓባይ ወሰዱን፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሁሉ ስፈራ ሄድኩ። ቀጭን ቧንቧ እንዲህ ያደረገኝ፣ ዓባይ ሲወድቅማ ምን ሊውጠኝ ነው ብዬ። ፏፏቴው ፊት ቆምኩ፣ ጉሙ ፊቴን አራሰው፣ ጩኸቱ ሰው አያሰማም። ምንም። ያን ድምፅ ሰምቼ ሸንቼ አላውቅማ! ተመልሰን ምሳ ቤት ስንገባ አንዷ የእጅ መታጠቢያውን ከፈተች፤ ወዲያው ያዘኝ።

ብርድ ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ብርድ ግማሹን እውነቱን ነው። ሰውነት ሲበርደው የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ኩላሊት "በዝቷል" ብሎ ውሃውን ያወጣዋል። ሽንቱ በእርግጥ ይበዛል ማለት ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጮቄ የሚወርደውን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በተቃራኒው ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ላቡ ያልባችኋል፣ ሽንቱ ይጠፋል፤ ወጥታችሁ ደጀን ላይ ብርዱ ሲቀበላችሁ ይመጣል። ለዚህ መላው ካልሲና ጋቢ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ባዶ እግሬን ሲሚንቶ መርገጥ ትቻለሁ፤ ነጠላ ጫማዬን አልጋው ሥር አድርጌ፣ ተቀምጬ አምስቴ ጨብጬ ነው የምነሳ።

የሰዓት ነገር። በየሰዓቱ የሚያስኬዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት በየሰዓት ከሩብ አድርጉት፣ በሚቀጥለው ሌላ ሩብ ጨምሩ። ግቡ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት መቆየት ነው። እኔ ሦስት ሰዓት ለመድረስ ሁለት ወር ተኩል ፈጀብኝ፤ መሀል ላይ ጉንፋን ይዞኝ ሳስል አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስኩ። "ለማንኛውም ልሽና" የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ገበያ ልሄድ ነው ለማንኛውም፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ለማንኛውም እያልን ፊኛን በትንሽ መጠን መጮህ የምናስለምደው እኛው ነን። ከመኝታ በፊትና አውቶቡስ ከመሳፈር በፊት ብቻ ይፈቀዳል።

ስለ ቡና መናገር ለኔ ይከብዳል፣ እንጀራዬ ነው። ግን ካፌይን ሽንት ያበዛል፣ ፊኛንም ያስቆጣል። እኔ ከእያንዳንዱ ጀበና አቦሉን እቀምስ ነበር፤ በቀን ስምንት ዘጠኝ ስኒ። አሁን ሁለት ነው፣ ሁለቱም ከምሳ በፊት። ሻይም ካፌይን አለው። ጠላና አረቄ ደግሞ ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ይቀንሳሉ፤ ሌሊት የሚመላለስ ሰው ማታ ምን እንደጠጣ ይጠይቅ። ውሃ መጠጣት ግን አታቁሙ። ሽንት እንዳይመጣብኝ ብዬ ጠዋት ሳልጠጣ እውል ነበር፤ ሽንቱ ወፍሮ እንደ ቅቅል ሻይ ይጠቁርና ራሱ ፊኛን ይቆጠቁጠዋል። በጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ አንድ ጆግ ባንዴ መገልበጥ አለ፤ በየሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ አድርጉት፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊትም አቁሙ። የሆድ ድርቀትም ፊኛን ከኋላ ይገፋል፤ ለኔ ጎመንና ተልባ ሠርቶልኛል።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው ሰዎች አሉ። ሲሸኑ የሚያቃጥላቸው፣ ትኩሳት ያላቸው፣ ሽንታቸው ላይ ደም ያዩ፣ ጥም የማይቆርጥላቸውና ብዙ ብዙ የሚሸኑ (ስኳር ሊሆን ይችላል) ጠርሙስ ቆርጠው አይቀመጡ፤ ምርመራው ቀላል ነው። እግር ሲደነዝዝ ወይም ሲዝል፣ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ብሎ ሆድ ሲነፋ የዚያኑ ዕለት መሄድ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ሽንቱ የሚቀጥንና የሚቆራረጥባቸው ከሆነ ፕሮስቴት ይታይ። አስቸጋሪ ምጥ ካለፈ በኋላ ሽንት ጥሪ ሳይኖረው ቀን ሌሊት የሚንጠባጠብባት ሴት ካለች ደግሞ ያ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል፤ በጭበጣ አይድንም፣ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ባህር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፣ ሕክምናው በነፃ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ጎረቤታችሁ ካለች ንገሯት፤ ብዙዎቹ ከሰው ተደብቀው ነው የሚኖሩት።

የኔ ደብተር ከዚያ ወዲህ ብዙ ገጽ የለውም። ቁልፉ ከእንግዲህ ምንም አያደርገኝም፤ ክዳኑ ዝጎ ወድቆ እትዬ በአዲስ ቀይረውታል፣ ድምፁም ሌላ ነው። እስካሁን የሚያሸንፈኝ አንድ ነገር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እየዘነበ እጄ ሳፋ ውስጥ ሲሆን ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ እጄን አውጥቼ በፎጣ አደርቃለሁ፣ ኩርሲዬ ላይ እንደተቀመጥኩ እጨብጣለሁ፣ ከሹፌሮቹ የዱቤ ዝርዝር እጀምራለሁ።